አፍ የሌለው ህዋስ እንዴት ይበላል? የባህር ትሎች እንቁላልና የአስኳል ፕሮቲን

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ትል ነው። ትል ሲባል ፊታችሁን ያጨማደዳችሁ አላችሁ፣ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ባህር ውስጥ የተለቀቀ እንቁላል እናት አጠገቡ የለችም። የሚያቀብለው የለም፣ የሚበላበት አፍም የለውም። ግን በ24 ሰዓት ውስጥ የሚዋኝ እጭ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ዓይን ያለው፣ ሰውነቱ በሦስት ቀለበት የተከፈለ ትንሽ ትል ይወጣዋል። እስከዚያ ድረስ ከውጭ ምንም አልቀመሰም። ታዲያ ይህን ሁሉ የሠራው በምን ስንቅ ነው?

መልሱን ግማሹን ታውቁታላችሁ፤ በአስኳል። የዛሬው ወሬዬ ቀሪው ግማሽ ላይ ነው። አስኳሉ እንቁላሉ ውስጥ እንዴት ገባ? ማን ሠራው? ጊዜው አሁን ነው ብሎ የሚወስነውስ ማነው?

አልቅትና የመሬት ትል ታውቃላችሁ። የዛሬዎቹ ትሎች የእነሱ የባህር ዘመዶች ናቸው። ሰውነታቸው እንደዚያው በቀለበት በቀለበት የተከፋፈለ ነው። ልዩነቱ በየቀለበቱ ግራና ቀኝ እግር መሳይ ነገርና ጠንካራ ፀጉር ማብቀላቸው ነው። ሳይንቲስቶች ፖሊኪት ይሏቸዋል። ከእነሱ መካከል በጣም የተጠናችው ፕላቲኔሬይስ ዱሜሪሊ ናት። ስሟ ከእሷ ይረዝማል፤ ቁመቷ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ካርል ሃውንሺልድ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ማርባት ከጀመረ ወዲህ፣ ትውልዱ ሳይቋረጥ በብዙ አገር ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ይኖራል።

የዚህች ትል ኑሮ ድራማ ነው። ወጣትነቷን ራሷ በሠራችው ቱቦ ውስጥ ተደብቃ፣ የባህር አልጌ እየበላች ታሳልፋለች። ጊዜው ሲደርስ ዓይኖቿ ይገዝፋሉ። የድሮ ጡንቻዋ ይፈርስና ለዋና በሚሆን ሌላ ጡንቻ ይተካል። አንጀቷ ይኮማተራል፣ መብላት ታቆማለች። ሆዷ በእንቁላል ስለሚሞላ መልኳ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ከዚያ ጨረቃ በማትታይበት ሰሞን አንድ ሌሊት ከቱቦዋ ወጥታ ወደ ውሃው ገጽ ትዋኛለች። ወንዱ ይከባታል፣ እሷም ትከበዋለች። እንቁላሏን ትረጫለች፣ እሱም ዘሩን። ከዚያ ሁለቱም ይሞታሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ ዕድል የለም። ሴቷ ለእንቁላልና ለአስኳል የምታወጣው ከሰውነቷ ክብደት ግማሽ ያህሉን ነው። አስኳልን እንደ ተራ ጉዳይ አትዩት የምለው ለዚህ ነው። የትሏ ግማሽ ሀብት እዚያ ነው ያለው።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንግባ።

የብዙ እንስሳት እንቁላል የሚያድገው በእንቁልጢ ውስጥ፣ በረዳት ህዋሶች ተከቦ ነው። ፕላቲኔሬይስ የምትመደብበት የኔሬይስ ቤተሰብ ትሎች ግን ይህን ሁሉ ትተውታል። እንቁላሎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ በአንጀትና በቆዳ መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይለቀቃሉ። እዚያ ብቻቸውን እየተንሳፈፉ ያድጋሉ። የሚጠብቃቸው፣ የሚያቅፋቸው፣ ተጣብቆ ምግብ የሚያቀብላቸው ህዋስ የለም። በዙሪያቸው ያለው ፈሳሽ ብቻ ነው።

ለተመራማሪ ይህ ሎተሪ ነው። ፈሳሹን በቀጭን መርፌ ትቀዳላችሁ፣ እንቁላሎቹን ትለያላችሁ፣ ሳህን ላይ ታስቀምጣላችሁ። የፈለጋችሁትን ፕሮቲን ምልክት አድርጋችሁ ትጨምራላችሁ። ከዚያ የገባውንና ያልገባውን ታያላችሁ። በዶሮ እንዲህ ልሥራ ብትሉ አሳራችሁን ታያላችሁ።

እስኪ አንድ ሂሳብ እንሥራ። የፕላቲኔሬይስ የደረሰ እንቁላል ከዳር እስከ ዳር 160 ማይክሮሜትር ያህል ነው። ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ስድስተኛ ገደማ ማለት ነው። ለሂሳቡ እንዲመቸን ከ20 ማይክሮሜትር ተነሳ እንበል። ከዳር እስከ ዳር 8 እጥፍ አደገ። የቆዳው ስፋት ግን 8 በ8፣ ማለትም 64 እጥፍ ይሆናል። በውስጡ የሚይዘው ደግሞ 8 በ8 በ8፣ ማለትም 512 እጥፍ።

ችግሩ ታያችሁ? እንቁላሉ የሚሞላው ነገር 512 እጥፍ ሲያድግ፣ የሚያስገባበት ቆዳ 64 እጥፍ ብቻ ነው ያደገው። እየተለቀ በሄደ ቁጥር በእያንዳንዷ ቁራጭ ቆዳ ላይ ያለው ሥራ ይበዛል። መፍትሔው ቆዳውን ማብዛት ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታዩት የእንቁላሉ ገጽ ለስላሳ አይደለም። ጣት መሳይ ጥቃቅን ነገሮች ጥቅጥቅ ብለው ከላዩ በቅለዋል፤ የውጭ መሸፈኛውን ሰንጥቀው ወደ ፈሳሹ ይወጣሉ። ዋናው ሥራ ደግሞ የሚሠራው በእነዚያ ጣቶች ሥር ነው።

ወደዚያ ከመውረዴ በፊት፣ የሚገባውን ነገር ላስተዋውቃችሁ። ቪቴሎጄኒን ይባላል። ትልቅ ፕሮቲን ነው፣ ከተራ ፕሮቲኖች ጋር ሲተያይ ግዙፍ። ስኳርም ተለጥፎበታል፣ ቅባትም ተሸክሟል። ስለዚህ አንድ ቪቴሎጄኒን ሲገባ የግንባታ ዕቃም ነዳጅም አብሮ ገባ ማለት ነው።

ይህንን ማን ይሠራዋል? መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ግምት እንቁላሉ ራሱ ነው የሚለው ነው። ከፊሉ እውነት ነው። እንቁላሉ የራሱን ፕሮቲን ይሠራል፤ በአንዳንድ የባህር ትሎች አስኳሉን በአብዛኛው ራሳቸው እንቁላሎቹ ያዘጋጁታል። በኔሬይስ ቤተሰብ ግን የአስኳሉ ፕሮቲን ከውጭ ነው የሚመጣው። ሠሪዎቹ ኤሌኦሳይት የሚባሉ ህዋሶች ናቸው። እነሱም እንደ እንቁላሎቹ በዚያው ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። እኔን በጣም የሚገርመኝ የእነሱ ጥሬ ዕቃ ነው። ቅድም የድሮ ጡንቻዋ ይፈርሳል ብያችሁ ነበር። ከዚያ ፍርስራሽ የሚገኘውን የሚረከቡት እነዚሁ ኤሌኦሳይቶች ናቸው። የትሏ ሥጋ ወደ ልጆቿ የሚተላለፈው በእነሱ እጅ ነው።

ከሌላ ቦታ የተሠራ ፕሮቲን እንቁላል ውስጥ ይገባል የሚለው ሐሳብ ዛሬ ቀላል ይመስላል። ቀላል አልነበረም። ዊልያም ቴልፈር በ1954 በአንዲት ትልቅ የእሳት ራት ደም ውስጥ የሴት ብቻ የሆነ ፕሮቲን አገኘ። ያው ፕሮቲን እንቁላሏ ውስጥ ከደሟ እጅግ በላቀ መጠን ተከማችቶ ነበር። ይህ ዝም ብሎ መስረግ ሊሆን አይችልም። ሰርጎ የሚገባ ነገር ውስጥና ውጭ እኩል ሲሆን ያቆማል። እዚህ ግን አንድ ነገር ፕሮቲኑን እየመረጠ ይስበዋል።

እንዴት እንደሚስበው የታየው በ1964 ነው። ቶማስ ሮትና ኪት ፖርተር የትንኝ እንቁላልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። ሴቷ ትንኝ ደም ከጠጣች በኋላ በእንቁላሏ ገጽ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች በብዛት ይከፈታሉ። በሰባት ሰዓት ውስጥ ቁጥራቸው 15 እጥፍ ያህል አድጎ ወደ 300,000 ይጠጋል። ልብ በሉ፣ በአንድ ህዋስ ላይ ነው። ጉድጓዶቹ ከውስጥ በኩል ፀጉር በሚመስል ነገር ተለብጠዋል። ያ ልባጭ ክላትሪን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ስሙን ያወጣችለት ባርባራ ፒርስ ናት፣ በ1976።

በትላችንም እንቁላል ሥራው ያው ነው። ቀስ ብዬ ልሂድበት፣ ምክንያቱም የዛሬው እምብርት ይህ ነው።

በእንቁላሉ ቆዳ ላይ ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉ። ከፊላቸው ወደ ውጭ፣ ወደ ፈሳሹ ብቅ ብሏል። ፈሳሹ ውስጥ ብዙ ዓይነት ፕሮቲን ይዋኛል፤ ተቀባዩ የሚይዘው ቪቴሎጄኒንን ነው። ለመያዝ ካልሲየም ያስፈልገዋል። የባህር እንስሳ ነውና ካልሲየም አይቸግረውም። የያዙ ተቀባዮች አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከሥራቸው ክላትሪን ይደረደራል። እያንዳንዱ ክላትሪን ሦስት እግር አለው፤ እግር ለእግር እየተያያዙ የተጠላለፈ መረብ ይሠራሉ፣ መረቡ ሲጎብጥ ቆዳውን ይዞት ይጎብጣል። ቆዳው ይሰረጉዳል፣ ጉድጓዱ ይጠልቃል፣ አንገቱ ይጠባል። በመጨረሻ ተቆርጦ ወደ ውስጥ የገባ ትንሽ ከረጢት ይሆናል።

ቪቴሎጄኒኑ ገባ። አላለቀም ግን።

ከረጢቱ የክላትሪን ልብሱን ያወልቃል። ከመሰሎቹ ጋር ይዋሃዳል። ከዚያ ውስጡ አሲድ እየሆነ ይሄዳል፤ ሽፋኑ ላይ የተተከሉ ፓምፖች የሃይድሮጅን አዮን ያስገቡበታል። አሲዱ ሲጨምር ተቀባዩ ቅርጹን ይለውጥና የያዘውን ይለቃል። ቪቴሎጄኒኑ እዚያው ይቀራል፣ ተቀባዩ ወደ ቆዳው ይመለሳል። ከጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ባልዲ አስቡ። ሞልቶ ይመጣል፣ ይገለበጣል፣ ባዶውን ይመለሳል። እንቁላሉ ለእያንዳንዱ ቪቴሎጄኒን አዲስ ተቀባይ መሥራት ቢኖርበት ኖሮ፣ ያስገባው ሁሉ ተቀባይ በመሥራት ባለቀበት ነበር።

አሁን ደግሞ ነገሩ ጠመም ይላል። ሌላ ህዋስ ቢሆን በዚህ መንገድ ያስገባውን ምግብ አሲድና ኢንዛይም አዘጋጅቶ ይፈጨዋል። እንቁላሉ ግን መፍጨት የለበትም! ስንቁን ዛሬ ከፈጨው ነገ እጩ ምን ይበላል? ስለዚህ ሥራውን መሃል ላይ ያቆመዋል። ቪቴሎጄኒኑ መጠነኛ ለውጥ ይደረግበትና ጥቅጥቅ ብሎ ይከማቻል። ያ ነው የአስኳል ቅንጣት የምንለው። የሚሰባብረው ነገር አጠገቡ አለ፣ ግን ተይዞ ይጠብቃል። ሥራው የሚቀጥለው ከፅንሰት በኋላ ነው። ለእኔ ከመብላቱ ይልቅ ይህ መታገስ ነው የሚደንቀኝ። ምግብ አፉ ድረስ አድርሶ ሳይውጠው የሚቆይ ማን አለ?

ከአስኳል ቅንጣቶቹ ሌላ የዘይት ጠብታዎችም አሉ። በፕላቲኔሬይስ እጭ ላይ በተራ ማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያሉ፤ አራት ትልልቅ፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቁ ጠብታዎች። እጩ እያደገ ሲሄድ እየሟሸሹ ይሄዳሉ።

ተቀባዩን ለይቶ የማውጣቱ ሥራ በትሎች ላይም ተሠርቷል። አልብሬክት ፊሸርና ባልደረቦቹ በ1992 ከኔሬይስ ቪሬንስ እንቁላል የአስኳል ተቀባዩን ለዩት። ኔሬይስ ቪሬንስ የፕላቲኔሬይስ ትልቅ ዘመድ ናት፤ ከእሷ ብዙ እጥፍ የምትረዝም። ጎን ለጎን ያነጻጸሩት ከአንበጣ ተቀባይ ጋር ነው። ትልና አንበጣ ከተለያዩ ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሥራው ግን አሁንም ይመሳሰላል።

ከዚህም ይሰፋል። የአስኳል ተቀባዮች የሚመደቡበት ቤተሰብ በሰው ጉበት ላይ ኮሌስትሮል ከደም የሚለቅመው ተቀባይ ያለበት ቤተሰብ ነው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚያ ሥራ ነው። የተሸካሚዎቹም ነገር እንደዚያው ነው። በደማችን ቅባት የሚሸከመው ትልቅ ፕሮቲንና ቪቴሎጄኒን የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ሐኪም የኮሌስትሮል ምርመራ ሲያዝላችሁ የሚለካውን ቅባት የሚሸከመው ፕሮቲን ከትል አስኳል ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ይህን ለሐኪሙ ባትነግሩት ይሻላል።

ተቀባዩ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በሁለት እንስሳት በደንብ ታይቷል። በተቀባዩ ዘረ መል ላይ ጉድለት ያለባቸው ዶሮዎች አሉ። ጉበታቸው አስኳሉን ይሠራል፣ እንቁላሉ ግን አይቀበለውም። እንቁላል አይጥሉም፤ ደማቸው በቅባት ይሞላል። ሁለተኛዋ አፈር ውስጥ የምትኖረው ሴኖራብዳይቲስ ኤሌጋንስ ናት። እሷም ትል ትባላለች እንጂ ከባህሮቹ ጋር ቅርብ ዝምድና የላትም። ሰውነቷ ብርሃን ያሳልፋል። ባርት ግራንትና ዴቪድ ሃርሽ በ1999 የሚያበራ አረንጓዴ ፕሮቲን በአስኳሏ ላይ አስረው ጉዞውን በዓይን ተከታተሉ። ጤነኛዋ ውስጥ ብርሃኑ እንቁላሎቹ ላይ ያርፋል። ተቀባዩ የጎደላት ውስጥ ግን በሰውነቷ ክፍተት ተከማችቶ ይቀራል፣ እንቁላሎቹም ጨለማ ናቸው። ይህ ሥዕል የሺህ ቃል ክርክር ዘጋ።

የባህር ትሎች ሁሉ እንደ ፕላቲኔሬይስ ናቸው እንዳትሉ። በዚህ ቶሎ ልለፍ። ኦፍሪዮትሮካ የምትባል ትንሽዬ ትል ለእያንዳንዱ እንቁላል አንድ አጥቢ ህዋስ ትመድባለች። አጥቢዋ ተጣብቃ ትመግበዋለች፣ ሥራዋን ስትጨርስ ትጠፋለች። በካፒቴላ ረዳት ህዋሶች እንቁላሉን ይከቡታል። በስትሬብሎስፒዮ ደግሞ እንቁላሉ ከደም ሥር አጠገብ ሆኖ ከደሙ ይወስዳል። በጥቅሉ አስኳሉን ከውጭ የሚያስመጣ እንቁላል ቶሎ ይደርሳል፣ ራሱ የሚሠራ ቀስ ይላል። ቶሎ ወልዶ ቶሎ መባዛት ለሚፈልግ ትል ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ስትሬብሎስፒዮ ላይ ግን ልቁም፣ እሷን እወዳታለሁ። በአንድ ዝርያ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴቶች አሉ። አንዳንዶቹ ብዙ ትንንሽ እንቁላል ይሠራሉ፤ እጮቻቸው ባህር ላይ እየተንሳፈፉ ለሳምንታት ራሳቸውን መመገብ አለባቸው። ሌሎቹ ጥቂት ትልልቅ እንቁላል ይሠራሉ፤ የእነሱ እጮች በአስኳሉ ብቻ አድገው ቶሎ ወደ ወለሉ ይወርዳሉ። ሁለቱ ዓይነቶች እርስ በርስ ይዋለዳሉ። እንቁላሉ ውስጥ የገባው አስኳል መጠን ልጁ ባህር ላይ ይንከራተት ወይስ እናቱ ሰፈር ይቅር የሚለውን ይወስናል ማለት ነው።

አሁን የመጨረሻው ጥያቄ ቀረ። ጊዜው አሁን ነው የሚለው ማነው?

እንቁላሉ አይደለም። ተቀባዩን ይዞ ይጠብቃል እንጂ ፈሳሹ ውስጥ ቪቴሎጄኒን ከሌለ ምንም ማድረግ አይችልም። ኤሌኦሳይቶቹም በራሳቸው አይነሱም። ትእዛዙ ከጭንቅላት ነው። ይህ የታወቀው ጭካኔ በሚመስል ሙከራ ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሞሪስ ዱርሾን በፈረንሳይ፣ ሃውንሺልድ በጀርመን የወጣት ትል ጭንቅላት ቆርጠው አዩ። ትሏ ወዲያው አትሞትም። ይልቁንም እንቁላሎቿ ያለጊዜያቸው ማደግ ይጀምራሉ። የሌላ ወጣት ትል አንጎል ቢተከልባት ይቆማል። ስለዚህ አንጎሉ የሚልከው መልእክት «ጀምሩ» ሳይሆን «ቆዩ» ነው። ወጣትነት ማለት ይህ ክልከላ ነው። ክልከላው ሲነሳ ብስለት ይመጣል። ያው የአንጎል ሆርሞን የተቆረጠ ጭራ እንደገና እንዲበቅልም ያግዛል። ሲጠፋ ትሏ ጭራዋን መተካት ታቆማለች፣ ሀብቷን ሁሉ ወደ እንቁላል ታዞራለች።

ሆርሞኑ ምን እንደሆነ ለአሥርተ ዓመታት አልታወቀም። የተገኘው በ2016 ነው። ሜቲል ፋርኔሶኤት ነው። ይህ ሞለኪውል በሸርጣንና በሽሪምፕ ወገን ለረጅም ጊዜ ይታወቅ ነበር። የነፍሳት ወጣትነት ሆርሞንም የቅርብ ዘመዱ ነው። በትል ውስጥ አለ ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ኤሌኦሳይቶችን ሳህን ላይ አድርገው ሜቲል ፋርኔሶኤት ሲጨምሩባቸው የቪቴሎጄኒን ዘረ መል ሥራው ቀነሰ። በሕይወት ባሉ ትሎች ላይም ያው ሆነ። አንጎሉ እንቁላሉን አይነካውም፤ እንቁላሉ ጋ የሚሄደውን አቅርቦት ነው የሚቆጣጠረው። ተቀባይ ቢበዛም ቢያንስም፣ የሚጫን ዕቃ ከሌለ ባዶ ባልዲ ነው።

ይህ ግኝት ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። የትንኝ እጭ ለማጥፋት ውሃ ላይ ከሚረጩ መድኃኒቶች መካከል የነፍሳትን ወጣትነት ሆርሞን አስመስለው የተሠሩ አሉ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ እጩ ወጣት ነኝ እያለ ይቀራል፣ ትንኝ አይሆንም። ለሌላው እንስሳ ግን ጉዳት የላቸውም ተብሎ ይታሰብ ነበር፣ ሆርሞኑ የነፍሳትና የዘመዶቻቸው ብቻ ነው ተብሎ ስለታመነ። እነዚሁ ተመራማሪዎች ይህን መንገድ የሚነኩ ፀረ ነፍሳት መድኃኒቶችን በትሏ ህዋሶች ላይ ሞከሩ። የቪቴሎጄኒን ሥራ ቀነሰ። ሙከራው ሳህን ላይ ባለ ህዋስ የተደረገ ነው፣ ባህር ላይ አይደለም፤ ይህን ማጋነን አልፈልግም። ነገር ግን በዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ባህር ዳርቻ የሚደርስ ኬሚካል ለትል አይመለከትም ብሎ ማለፍ ከ2016 ወዲህ አይቻልም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከኋላ ካሉት እንጀምር፣ ቅድም ፊታቸውን ካጨማደዱት።